ስለ ቅዱሳት ሴቶች ከመከራከራችሁ በፊት፦ ከጎንደር ለወጣቶች

ልጆቼ፣

ሴቶች በእምነታችን ስላላቸው ድርሻ ክርክር ሲነሣ፣ አንዱ 1ኛ ቆሮንቶስ 14፥34ን መዝዞ «ሴቶች ዝም ይበሉ» ይላል፤ ሌላው ገላትያ 3፥28ን ይዞ «ወንድም ሴትም የለም» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ጥቅሱን ከመልእክቱ ቆርጠውታል። ቅዱስ ጳውሎስ በዚያው በቆሮንቶስ መልእክት 11፥5 ላይ፣ ሴት ስትጸልይና ትንቢት ስትናገር ራሷን እንድትሸፍን ያዝዛል። ጨርሶ ዝም እንድትል ከሆነ ትንቢቱን መቼ ልትናገር ነው? ይህን ጥያቄ ሳይዙ 14ኛውን ምዕራፍ መተርጎም አይቻልም። ከቁጥር 26 ጀምራችሁ አንብቡት። ዝም በሉ የተባሉት ሴቶች ብቻ አይደሉም፤ ተርጓሚ ሳይኖር በልሳን የሚናገረውም (ቁ. 28)፣ ለሌላው ሲገለጥ ፊት ይናገር የነበረውም (ቁ. 30) ዝም እንዲል ታዟል። የምዕራፉ ጉዳይ የጉባኤ ሥርዓት ነው።

ስለዚህ ከክርክሩ ሳይሆን ከሰዎቹ ጀምሩ። ደብተር ያዙና ለእያንዳንዷ ሴት ስሟን፣ ምዕራፉን፣ የሠራችውን፣ ማን እንደሰማትና እንደታዘዛት ጻፉ። ብዙ ሰው የመጨረሻውን ይዘለዋል፤ ቁም ነገሩ ግን እዚያ ነው። በንጉሥ ኢዮስያስ ዘመን የሕጉ መጽሐፍ በቤተ መቅደስ ሲገኝ፣ ሊቀ ካህናቱ ኬልቅያስና የንጉሡ ሹማምንት የእግዚአብሔርን ቃል ሊጠይቁ የሄዱት ወደ ነቢይቱ ሕልዳና ነው (2ኛ ነገሥት 22፥14)። የሄደውም የመለሰውም ማን እንደሆነ ካልጻፋችሁ ሕልዳና ስም ብቻ ሆና ትቀራለች። የግእዙን መጽሐፍ የምታነቡ ደግሞ፣ ሁለቱን መጻሕፍተ ሳሙኤል ነገሥት ቀዳማዊና ካልዕ ብሎ ስለሚቆጥር ታሪኳን በነገሥት ራብዕ (በአራተኛው) ፈልጉት።

ከሐዲስ ኪዳን ሉቃስን አስቀድሙ። ሐና ነቢይት ምዕራፍ 2 ላይ፣ ጌታን በገንዘባቸው ያገለገሉት ሴቶች በ8፥1-3፣ ትንሣኤውን ለሐዋርያት የነገሩት በ24፥10 አሉ። ከዚያ የሐዋርያት ሥራን (18፥26 እና 21፥9) አንብባችሁ ወደ ሮሜ 16 እለፉ።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ደጋግሞ ይታያል። መግደላዊት ማርያምን ኃጢአተኛ ከነበረችው ሴት ጋር አንድ ያደርጓታል። በሉቃስ 7 የጌታን እግር በእንባዋ ያጠበችው ሴት ስሟ አልተጠቀሰም፤ መግደላዊት የምትመጣው በሚቀጥለው ምዕራፍ ነው፣ ስለ እርሷም የተነገረው ሰባት አጋንንት እንደወጡላት ነው። በእኛ ትውፊት ማርያም እንተ ዕፍረት (ባለ ሽቱዋ ማርያም) የምትባለው ሌላ ናት። ማደባለቁ በውጭ ፊልሞችም ይታያል፤ የትንሣኤውን ምስክር ስሟን ያጎድፋልና ሰምታችሁ አትለፉት።

ሌላው የሚያከራክረው የክርስትናው ቀን ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ለምን ትጠመቃለች ሲባል፣ «ሴት ስለምታንስ ነው» የሚል መልስ በከተማችንም ይሰማል። መጽሐፉ እንዲህ አይልም። ዘሌዋውያን 12 ለወንድ ልጅ 7 እና 33፣ ለሴት ልጅ 14 እና 66 ቀን ይቆጥራል፤ ድምሩ 40 እና 80 ይሆናል። ምክንያቱን የሚነግረን በ81ዱ መጻሕፍታችን ውስጥ ያለው ኩፋሌ ነው፦ አዳም በመጀመሪያው ሳምንት ተፈጠረ፣ ሔዋን በሁለተኛው ሳምንት ተሰጠችው፤ እርሱ በ40ኛው፣ እርሷ በ80ኛው ቀን ገነት ገቡ። ቁጥሩ ወደ ገነት የመግባት ቁጥር ነው። ሕፃኗ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ ሔዋን ገነት የገባችበት ቀን ይታሰባል፤ ይህን ለእናቶች ብታስረዱ ትልቅ ሥራ ሠራችሁ።

ገድል፣ ማለት የቅዱሳንን የሕይወት ታሪክ፣ ስታነቡ ክፍሎቹን ለዩ፦ መቅድም፣ ልደት፣ ተጋድሎ፣ ቃል ኪዳን፣ ዕረፍት፣ ከዚያ ተአምርና መልክእ (ቅዱሱን የሚያወድስ ግጥም)። ተጋድሎውን እንደ ታሪክ፣ ተአምሩን እንደ ምስጋና ያላነበበ፣ ወይ ሁሉን ይጥላል ወይ ሁሉን ያደባልቃል። የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ገድል ለመጀመር ይመቻል። ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1642 ነው፣ ገድሏ የተጻፈው በ1672፤ የሚያውቋት ሰዎች ገና በሕይወት ሳሉ ማለት ነው። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ሲያውጅ የንጉሡ ባለሟል የነበረውን ባሏን ትታ መንኩሳለች፣ በጣና ዙሪያም ማኅበራት መሥርታ መርታለች። «ሴት ማኅበር አትመራም» ለሚላችሁ መልሱ በዚህ ገድል አለ። ክህነት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችን ለሴት ክህነት አትሰጥም፤ አመራርንና ክህነትን አንድ አድርጋችሁ አትከራከሩ።

የአጥቢያ ልማድንም ከቀኖና ለዩ። አንድ ነገር «ክልክል ነው» ሲሏችሁ የትኛው መጽሐፍ፣ የትኛው አንቀጽ እንደሆነ በትሕትና ጠይቁ። መልሱ «ከጥንትም እንዲሁ ነው» ከሆነ ልማድ ሊሆን ይችላል፤ ልማድ ይከበራል፣ የእግዚአብሔር ትእዛዝ ግን አይባልም። ዲድስቅልያ የተባለው የሥርዓት መጽሐፍ ለምሳሌ ሴቶች ሲጠመቁ የሚያገለግሉ ዲያቆናዊትን ያውቃል፤ ዛሬ ስላላየናት አልነበረችም አይባልም።

ሥዕልም ማንበብ ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1730 ዘውድ የጫኑት እቴጌ ምንትዋብ፣ በጣና ደሴት ባሠሩት ናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ይህን የሴት ውርደት አድርጎ የሚያስረዳ አስጎብኚ ካጋጠማችሁ አርሙት፤ ሥዕሉን ያሠራ ሰው፣ ወንድም ቢሆን፣ የሚሣለው እዚያው ነው። እኒሁ እቴጌ በጎንደር የቁስቋምን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ከልጃቸው ከኢያሱና ከልጅ ልጃቸው ከኢዮአስ ጋር ያረፉት እዚያ ነው።

አንቺ ትርጓሜ መማር የምትፈልጊ ልጄ፣ ከዳዊት ጀምሪ። ንባቡ ሳይቀና ዜማም ቅኔም አይያዝም። «ቅኔ የወንድ ነው» ካሉሽ በጎጃም ቅኔ ያስተማሩትን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን አንሺላቸው። ከዳዊቱ ጎን ለጎን ውዳሴ ማርያምን በየዕለቱ ክፍል ድገሚ፤ የሰኞው «ፈቀደ እግዚእ ያግዕዞ ለአዳም» ብሎ ይነሣል። ወደ የኔታ ስትሄጂም ምዕራፉን አንብበሽ፣ ጥያቄሽን ጽፈሽ፣ ደብተርሽን ይዘሽ ሂጂ።