ጥያቄና መልስ፦ የሥራ መነሻ ገንዘብ ቤት ውስጥ እንዳይቀር

እትዬ፦ አራዳና ልደታ ውስጥ ከከተማ ሴፍቲኔት፣ ማለትም ችግረኛ ቤተሰቦችን የአካባቢ ሥራ አሠርቶ ከሚከፍለው ፕሮግራም፣ ተመርቀው ሥራ የሚጀምሩ እናቶችን አሠለጥናለሁ። ስለ መነሻ ገንዘብ፣ ስለ ሥልጠናና ስለ ክትትል የምትጠይቁ ጠይቁኝ።

የተክልዬ ልጅ፦ እትዬ፣ ጎረቤቴ መነሻ ገንዘብ ተሰጥቷት እንጀራ መሸጥ ጀመረች። ሥልጠናም ወስዳ ነበር። በአራት ወር ከሰረች። ምን ጎድሏት ነው?

እትዬ፦ ገበያ አጥታ ሳይሆን ገንዘቡን ቤቷ በልቶባት ይሆናል። 50 እንጀራ ስትጋግር 6ቱን ልጆቿ ይበላሉ፤ ያንን ማንም አይጽፈውም። ማታ የተሸጠውን ብር ትቆጥርና «ይህን አተረፍኩ» ትላለች። ከዚያው ላይ ዘይት ይገዛል፣ የታመመ ልጅ ይታከማል። ጤፍ ልትገዛ እህል በረንዳ ስትወርድ ብሩ አይሞላም። እኔ ሁለት ጣሳ አስይዛለሁ፤ አንዱ የሥራ፣ አንዱ የቤት። የ6ቱን እንጀራ ዋጋ ከቤቱ ጣሳ አውጥታ ወደ ሥራው ትጨምራለች። ለራሷም የቀን አበል ትቆርጣለች። አትደባልቁ!

ነገር ግን የሚበላ ለሌለው ቤት «ብሩን አትንኩ» ማለት ጭካኔ ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ቀለብ ከመነሻው ጋር መሰጠት አለበት። ብራክ የተባለው የልማት ድርጅት ባንግላዴሽ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው አሠራር እንዲህ ነው፦ ንብረት ይሰጣል፣ ለጊዜው ቀለብ ይሸፍናል፣ ያሠለጥናል፣ ያስቆጥባል፣ በየሳምንቱም ሰው ቤት ድረስ ይልካል። አገራችንን ጨምሮ በ6 አገሮች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ጥናት፣ ድጋፉ ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላም ለውጡ በአብዛኛው አልጠፋም። እኛ ጋ ሥልጠናው ይሰጥና የሳምንቱ ጉብኝት ይቀራል። የሒሳብ ደብተሯን አብሯት የሚያይ ሰው ከሌለ በሁለተኛው ወር መጻፍ ታቆማለች።

ሚኪ፦ የትኛው ሥራ ነው የሚያዋጣው?

እትዬ፦ ለማን? የት? በስንት ብር?

ፍሬ፦ ፎርሙ የት ይገኛል?

እትዬ፦ ወረዳችሁን ጠይቁ።

ሰሎሜ፦ ዶሮ ባረባስ?

እትዬ፦ ሆንዱራስ ውስጥ በዚያው ሙከራ ብዙዎቹ ዶሮ መርጠው በበሽታ አለቀባቸው። በአንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ዶሮ አይታሰብ።

የመርካቶው፦ እኔ ግን በነጻ የተገኘ ገንዘብ ያሰንፋል ባይ ነኝ። ብድር ቢሆን ሰው ይተጋል።

ፍሬ፦ ብድር ዋስ ይፈልጋል። ለቤት ኪራይ ያጣ ሰው ማን ዋስ ይሆነዋል?

የመርካቶው፦ ዕቁብስ? እናቴ በዕቁብ ነው ያሳደገችን።

የተክልዬ ልጅ፦ ዕቁብ እኮ በየሳምንቱ የሚጣል ይፈልጋል። ደግሞም አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ ሲዛወር የኛ ዕቁብ ተበተነ፤ ግማሹ ሰው ዳግም አልተገናኘም።

የመርካቶው፦ ዳኛው ደካማ ቢሆን ነው እንጂ የኛ 20 ዓመት ቆይቷል።

የተክልዬ ልጅ፦ ዳኛው ምን ያድርግ? ሰዉ ተበትኖ!

እትዬ፦ ዕቁቡን እዚህ ላይ ተዉት። ስንፍና ስለተባለው ግን ዝም አልልም። በከተማ ሴፍቲኔት የታቀፈ ሰው ገና በጠዋት መንገድ ሲጠርግ፣ ችግኝ ሲያጠጣ ቆይቶ፣ ከክፍያው 20 በመቶ እየቆጠበ ነው መነሻው ጋ የሚደርሰው። ይህን ሰው ሰነፍ አትበሉብኝ።

ሰሎሜ፦ እኛ ለኮሪደር ልማት ከፒያሳ ተነሥተን ኮንዶሚኒየም ገባን። በርበሬና ሽሮ እሸጥ ነበር፤ ደንበኞቼ ሁሉ ቀሩ። መነሻ ቢሰጠኝ ያው ሥራ ይሻለኛል?

እትዬ፦ ሙያው ያንቺ ነው፣ አትልቀቂው። ያጣሽው የሚያምንሽን ደንበኛ ነው። ስለዚህ ገንዘቡን በአንዴ በርበሬ ላይ አታፍሺ። ትንሽ አስፈጭተሽ በየብሎኩ አስቀምሺ፤ ማን ተመልሶ እንደገዛ ጻፊ። አዲስ ሠፈር ላይ ዱቤ ቶሎ አትጀምሪ፤ ብሩ ደብተር ላይ ይቀርብሻል። የቤቱን ሽሮም ከሥራው እየዘገንሽ አትሥሪ። አትደባልቂ።

ሚኪ፦ እሺ እትዬ፣ በትንሽ ብር ምን ይጀመር?

እትዬ፦ ሚኪ፣ ጥያቄህ ያው ነው። ቦታውን ንገረኝ።

ሚኪ፦ ለእናቴ ነው። ልደታ፣ በራችን ላይ ጀበና ቡና ታፈላለች። ትርፉ አይታያትም።

እትዬ፦ እንዲህ ጠይቀኝ እንጂ! ስኳሩና ከሰሉ የሚገዛው ከቡናው ብር ነው ወይስ ከቤት አስቤዛ? ለጎረቤት በነጻ የምትቀዳውስ በቀን ስንት ስኒ ይሆናል? ዛሬ ማታ ጠይቃትና ጻፍልኝ።