ወዴት ልላካቸው ላልሽኝ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። በልዩ ፍላጎት ትምህርት ተመርቃ ከለገጣፎ ወዲህ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ከተመደበች ገና ሦስት ወሯ ነው። «ጋሼ፣ ብሬል የለን፣ ምልክት ቋንቋ ከእኔ ሌላ የሚያውቅ የለ። ወላጆች ልጅ ይዘው ሲመጡ ወዴት ልላካቸው?» አለችኝ። አንድ ሁለት ቦታ ነግሬያት ስልኩን ዘጋሁ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔም አንድ ጊዜ ሰው ልኬ አውቃለሁና። በዚህ ሙያ የገባችሁ ልጆች ሁሉ አብራችሁ ስሙኝ።

በ1994 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ፣ አዲስ አበባ ጫፍ፣ ካራ አካባቢ በማስተምርበት ትምህርት ቤት መዝጋቢ ነበርኩ። ያን ጊዜ ካራ ዛሬ የምታዩት ካራ አይደለም። ከዋናው መንገድ ወጣ ካላችሁ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ማለዳ ማለዳ ከጫካ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው በደጃችን ያልፋሉ። ከእነሱ አንዷ ሸክሟን አጥሩ ላይ አስደግፋ፣ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ ይዛ ሰልፍ ቆመች። ተራዋ ሲደርስ ልጁን በስሙ ጠራሁት። አልዞረም። ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት፤ ጣውላው ሲነዝር ደግፎት የነበረውን እጁን ሰብሰብ አደረገና አየኝ። «አይሰማም ጌታዬ፤ በሁለት ዓመቱ ትኩሳት ጥሎት ነው» አለች። እንጦጦ ጠበል ሁለቴ ይዛው እንደሄደችም ነገረችኝ።

ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። ከደብተሬ ቁራጭ ቀደድኩና መሃል ከተማ ያለ አንድ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ስም ጻፍኩላት። «ይህን ያዢ፤ ይቀበሉሻል» አልኳት። እጅ ነሥታ፣ ወረቀቱን አጣጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችውና ሄደች። ደግ የሠራሁ ነበር የመሰለኝ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ፣ አካል ጉዳተኞች እንደ አቅማቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ የሚለው፣ እዚያው መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ለመምህራን ስብሰባ ድምፄን ከፍ አድርጌ ያነበብኩትም እኔው ነኝ።

በ1996 ክረምት ለትምህርት የደረሱ ልጆችን ቤት ለቤት ስንመዘግብ እሷው ቤት ደረስኩ። ልጁ ከበጎቹ ጋር ውጭ ነው። እናትየው ስታየኝ ፊቷ በራ። «መጡ ጌታዬ! ተራችን ደረሰ?» አለችኝ። የምን ተራ እንደሆነ አልገባኝም። ሳጥኗን ከፍታ፣ በፌስታል ጠቅልላ ያኖረችውን የእኔን ቁራጭ ወረቀት አወጣች። ቀበሌ ሰልፍ ሲበዛ እንደሚሰጠው የተራ ቁጥር መስሏት ኖሯል። ማንበብ ትችይ እንደሆን አልጠየቅኳት። «ይቀበሉሻል» ስላት እኛው የምንቀበላት መስሏት ሁለት ዓመት ሙሉ ጠበቀች።

ሁለት ዓመት ለሚሰማ ልጅ ሁለት ክፍል ነው፤ ኋላ ይደርስበታል። ይህ ልጅ ግን ከእናቱ ጋር የፈጠራት በጣት የምትቆጠር ምልክት ብቻ ነበረችው። ቋንቋ በልጅነት ካልተያዘ በኋላ ምን ያህል እንደሚያስቸግር እናንተ በኮርስ ተምራችሁታል፤ እኔ በእሱ ነው ያየሁት።

ሰበታ መርሐ ዕውራን የተማረ ዓይነ ስውር የታሪክ መምህር ባልደረባ ነበረኝ። ተማሪን በእግሩ ኮቴ የሚለይ፣ ቡና ያለ ስኳር የሚጠጣ፣ ሲበዛ ተረበኛ ሰው። ነገሩን ስነግረው ግን አልቀለደም። «እኔን እኮ አንድ የወረዳ ጸሐፊ ነው እጄን ይዞ ሰበታ ያስገባኝ፤ ወረቀት ቢሰጠኝማ ምን አደርግበት ነበር?» አለኝ።

መስከረም ሲጠባ እናትና ልጁን ይዤ ሄድኩ። ሁለት ታክሲና አንድ አውቶቡስ ነው። የዚያን ቀን ነው የገባኝ፤ ብታነበውም ኖሮ በየቀኑ የምታመላልስበት ገንዘብ ከየት ታመጣ ነበር? አክስቱ ዘንድ አድሮ እስከ 6ኛ ክፍል ተማረ። ዛሬ ብሎኬት ያመርታል፤ ሒሳብ ላይ ማንም አያታልለውም፣ ማንበቡ ግን ይከብደዋል። በምልክት ያወጣልኝ ስም መዳፍ ላይ መጻፍ ነው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

እናንተ ከእኛ ብዙ ታውቃላችሁ። ደግሞም አትሰሙም፤ አበል ያለበት ሥልጠና ላይ አንደኛ ናችሁ፣ ልጆቹን ለቲክቶክ ታነሳላችሁ። እናታቸውን ፈቃድ ጠይቃችኋል? የ1998ቱን የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂና አገራችን በ2002 ያጸደቀችውን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በቃላችሁ ትደግሙታላችሁ። ይሁን፤ እኔም ደግሜ ነበር።

አካቶ ትምህርት፣ አካል ጉዳተኛውም ከሌሎቹ ጋር በአንድ ክፍል ይማር የሚለው፣ ሲባል ሁሌ ለድጋፍ እጄን የማወጣ ሰው ነኝ። ሆኖም መስማት የተሳነው ልጅ ስልሳ ከሚሰሙ ልጆች መሃል ብቻውን ተቀምጦ ሳይ፣ ከመሰሎቹ ጋር በልዩ ክፍል በሆነ እላለሁ። ሁለቱን ማስታረቅ እስካሁን አልቻልኩም።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢያጡ ጊዜ ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ራሳቸው ከፈቱ። የእኔዋ እናት ግን ጀርባዋ ላይ እንጨት ነበር። ጠበሉንም አትናቁባቸው፤ ቆልማማ እግር ያለውን ሕፃን መናገሻ ወዳለው የቼሻየር ተሐድሶ ማዕከል ወይም ወደ ኪዩር ሆስፒታል ውሰዱት የሚል አንድ ቄስ ከመቶ ፖስተር ይበልጣል።

አንቺ የደወልሽው ልጅ፣ የነገርኩሽን ቦታዎች ለማንም ጽፈሽ እንዳትሰጪ። ቅዳሜ ካራ ታክሲ መያዣው ጋ እጠብቅሻለሁ፤ አንድ በአንድ ሄደን በሩን እናያለን፣ ማን እንደሚቀበልና ስንት ሳንቲም እንደሚፈጅ እንጠይቃለን። ጠዋት ይሁን ታዲያ፤ ከሰዓት ጉልበቴን ያመኛል።