ቁጥር 41 ጫማ

ይድረስ አራት ኪሎ በረንዳ ላይ አጠገቤ ተቀምጣችሁ ለነበራችሁ ልጆች፣ ለመሰሎቻችሁም ሁሉ፤

ባለፈው ሳምንት ማኪያቶዬን ይዤ ስትከራከሩ ሰማኋችሁ። ዝም ማለት ይገባኝ ነበር፤ አልቻልኩም። ጡረታ የወጣ ሰው ጆሮው ሥራ ፈትቶ የሰው ወሬ ያድናል።

ክርክራችሁ ስለ ኮሌጃችሁ የሴቶች ቡድኖች ነበር። የመረብ ኳሱ ቡድን ዘንድሮ ቀንቶታል፤ የቅርጫት ኳሱ ግን በሄደበት ሁሉ ተሸንፎ ይመለሳል። አንዳችሁ አሰልጣኙ ይባረር አለ። ሌላው «ጥፋቱ የአንዲት ልጅ ነው፤ ኳስ ከያዘች አትለቅም» አለ። መነጽር ያደረገው ልጅ ስልኩን አውጥቶ ክርክሩን አሜሪካ አደረሰው። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቿ ኬትሊን ክላርክ ለአዮዋ ዩኒቨርሲቲ 3,951 ነጥብ አስቆጥራ አንድም የብሔራዊ ሻምፒዮና ዋንጫ ሳታነሳ መውጣቷን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ፍጻሜም ቡድኗ በሳውዝ ካሮላይና 87 ለ 75 መሸነፉን ነገራችሁ። ጓደኛው በኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ መለሰለት። እ.ኤ.አ. ኦገስት 30 ቀን 2023 የዚያ ዩኒቨርሲቲ ሴቶች መረብ ኳስ ሲጫወቱ ስታዲየም የገባው ሰው 92,003 ነው። «እኛ ጋ ስንት ሰው ይመጣል? ሃያ?» ብሎ ሳቀ።

እኔ ነገሩ ውስጥ የገባሁት ይህን ጊዜ ነው። ክርክር በቁጥር ካልሆነ ወሬ ነው አልኳችሁ። በ1978 ዓ.ም. ተማሪ ሳለሁ የኮሌጃችንን ሴቶች ስህተት አንድ በአንድ በደብተር እይዝ እንደነበር፣ ደብተሩም ዛሬ ድረስ ቤቴ እንዳለ በኩራት ተናገርኩ። ወንዶቹ አደነቃችሁኝ። ጥግ ላይ የተቀመጠችው፣ የውሃ ጠርሙስ ወረቀት ስትልጥ የቆየችው ልጅ ግን ቀና ብላ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከተጫዋቾቹ አንዷን አናግረው ያውቃሉ?» አለችኝ።

ቀጠሮ አለኝ ብዬ ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። ቀጠሮ አልነበረኝም። በእግሬ ወደ ፒያሳ አመራሁና ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ስደርስ ቆምኩ። መኪናው ያልፋል፣ እኔ የድልድዩን ብረት ይዤ ስለ ጫማ አስባለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተማርኩበት ኮሌጅ መሀል ከተማ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ነበረን፤ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድንም ነበረን። በወረቀት ሁለት ቡድን ይባሉ እንጂ ልጆቹ ያው ስምንቱ ናቸው። ጠዋት መረቡ 2 ሜትር ከ24 ሳንቲሜትር ላይ ተወጥሮ ይዘላሉ፤ ከሰዓት መረቡ ይጠቀለልና እዚያው አስፋልት ላይ፣ 3 ሜትር ከ5 ላይ ወደተሰቀለው ቀለበት ይወረውራሉ። ማሊያውም ያው አንዱ ነው፤ በምሳ ሰዓት አጥር ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል።

ደጋፊው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ግማሹ «ቅርጫት ኳሱ መረብ ኳሱን ገደለው» ይላል፤ ግማሹ ደግሞ ይህንኑ ገልብጦ ይናገራል። ማታ ማታ መኝታ ክፍል ውስጥ መብራት እስኪጠፋ እንጨቃጨቅ ነበር። እኔ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ስለሆንኩ ደብተር ገዛሁ፤ ለእያንዳንዷ ተጫዋች አንድ ገጽ አወጣሁ፤ በየጨዋታው በተሳሳተች ቁጥር ጭረት አደርጋለሁ። ዳኛ የረሳውን እኔ አልረሳም። እንዴት ያለ እርካታ እንደነበረው አልነግራችሁም፤ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ሌላም ደብተር ነበረኝ። የተማሪዎች ስፖርት ክበብ ሒሳብ ያዥ እኔ ነበርኩ። በዚያ ዓመት ለወንዶቹ እግር ኳስ ቡድን ሙሉ ጫማ ተገዛ፤ ይህን ማንም አልተከራከረበትም፣ እኔም አላሰብኩበትም። በተረፈችው ገንዘብ ለሴቶቹ ሸራ ጫማ እንዲገዛ ተወሰነና መርካቶ ወረድኩ። እንደ ደንቡ ከሦስት ሱቅ ዋጋ ጠየቅሁ። ሦስተኛው ነጋዴ በጣም ርካሽ ዋጋ ሰጠኝ፤ ምክንያቱም ጫማዎቹ ሳይሸጡ የቀሩ፣ ሁሉም ቁጥር 41 የሆኑ ነበሩ። ስምንት ጥንድ በአንድ ማዳበሪያ አስገብቶ አሸከመኝ። በሞዴል 19፣ በዕቃ መቀበያ ደረሰኙ፣ ንብረት ክፍል ገቢ አደረግሁ። 42 ብር አትርፌ ስመለስ ኮሚቴው አጨበጨበልኝ። እግራቸው ስንት ቁጥር እንደሆነ የጠየቀ ሰው የለም። እኔም።

የውድድሩ የመጨረሻ ቀን ቅዳሜ ነበር። ጠዋት መረብ ኳስ፣ ከሰዓት ቅርጫት ኳስ። ያን ጊዜ የመረብ ኳስ ደንብ እንደ ዛሬው አልነበረም። ዛሬ እያንዳንዱ ኳስ ነጥብ ያስገኛል፣ አንዱ ዙርም በአብዛኛው እስከ 25 ነው። ያኔ ግን ነጥብ የሚቆጠረው ለሚለጋው ቡድን ብቻ ነው፤ ያልለጋው ቢያሸንፍ የሚያገኘው የመለጋት ተራውን ብቻ ነበር። እስከ 15 ለመድረስ ኳሷ ስትሄድ ስትመለስ ትውላለች፤ ነጥቡ ንቅንቅ ሳይል ሩብ ሰዓት የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ያ ጨዋታ አምስት ዙር ሄዶ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀ። አሸነፍን። ጮህን፣ ዘለልን፤ እነሱ አጥሩ ሥር ተዘርግተው ዳቦ በሻይ በሉ።

ከሰዓት በቅርጫት ኳስ ተሸነፍን። 9 ቁጥር የምትለብሰው ልጅ ኳስ አከፋፋይ ነበረች፤ ጠዋትም ኳሱን ለመቺዎቹ የምታመቻቸው እሷ ነበረች። ቀጠን ያለች፣ ፀጉሯን በሻሽ የምታስር፣ ብዙ የማትናገር። ያን ቀን ኳስ ይዛ ዞር ባለች ቁጥር ዳኛው ፊሽካ ይነፋል፤ ሳታነጥር ተራምዳለች እያለ ኳሱን ለባላጋራ ይሰጣል። ቆጠርኩ፤ 11 ጊዜ። ደብተሬ ላይ 11 ጭረት አለ፤ የመጨረሻዋን በንዴት ስላሰመርኳት ወረቀቱን ቀዳዋለች።

እሑድ ማታ የግድግዳ ጋዜጣ ጽሑፍ በታይፕ መታሁ። ርዕሱ «የቆጡን አወርድ ብላ» ነበር። በሁለት ስፖርት እያሯሯጡ የብብታችንን አስጣሉን ብዬ ጀመርኩና መጨረሻው ላይ «9 ቁጥር እግሯ መሬት መርገጥ የት እንደሚጀምር አያውቅም» አልኩ። የብዕር ስሜ «ታዛቢ» ነበር። ሰኞ ጠዋት ካፌ በር ላይ ተሰቀለ፣ ሰው ተኮልኩሎ አነበበ፣ ተሳቀ።

ቁርስ ይዣለሁ፤ ልጅቷ መጣች። ጓደኛዋ እጅጌዋን ይዛ ልትጎትታት ሞከረች፤ አልሄደችም። እስከ መጨረሻው አነበበች። አንደኛው ጥግ ተነቅሎ ወረቀቱ ታጥፎ ስለነበር፣ የወደቀችውን ስፒል ከመሬት ፈልጋ አነሳችና ጥጉን አቃንታ መልሳ ሰካችው። ከዚያ ለቁርስ ተሰለፈች።

ሰኔ ላይ ርክክብ ነበር። ጫማዎቹ በማዳበሪያ ተመልሰው መጡ፤ እኔ እቆጥራለሁ፣ የንብረት ክፍሉ ሽማግሌ ይቀበላሉ። አንዱን ጥንድ ሳነሳ ከውስጡ የተጨማደደ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ወደቀ። በላብ ረጥቦ፣ ደርቆ፣ የጣት ቅርጽ ይዞ ጠጥሯል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። ከስምንቱ ጥንድ ስድስቱ ጋዜጣ ነበራቸው። አንዱ ጥንድ በተረከዙ ውስጥ በእጅ የተሰፋ ጨርቅም ነበረው፣ ምላሱ ላይ በእስክሪብቶ 9 ተጽፎበታል። ሽማግሌው ጫማውን በመዳፋቸው ለክተው «ሴቶቹ ከ38 የሚበልጥ እግር የላቸውም። ማነው ይህን የገዛው?» አሉ።

«ኮሚቴው ነው» አልኩ።

ወረቀቱን ንብረት ስላልሆነ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። መዝገቡ ላይ «ሸራ ጫማ፣ 8 ጥንድ፣ ያገለገለ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ትምህርት ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ይቀር ነበር። ልጅቷ በየቀኑ በዚያው ካፌ በር ታልፋለች። አላናገርኳትም።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ ምናምን ዓመት ኦዲተር ሆኜ ሠራሁ። በየመሥሪያ ቤቱ ልኩ ያልሆነ ዕቃ፣ የማይገጥም መለዋወጫ፣ በርካሽ ተገዝቶ ግምጃ ቤት የሚሻግት ነገር አግኝቼ «ማን ገዛው?» ስል ስንቱ «ኮሚቴው ነው» ብሎኛል። ድምፁን አውቀዋለሁ። ከሌላው ኦዲተር ቀድሜ የማውቀው ለምን እንደሆነ ለባልደረቦቼ ነግሬ አላውቅም።

እንግዲህ ምክር ይሰጠናል ብላችሁ ከሆነ፣ ስለ ሰዓት ማክበርና ስለ ማጥናት አልጽፍም፤ ቤት ተነግሯችኋል። ነገር ግን ኔብራስካን ላነሳው ልጅ አንድ ነገር ልበል። 92,003 ሰው ካነሳህ እ.ኤ.አ. 1972ንም አንሳ። በዚያ ዓመት አሜሪካኖች አንድ ሕግ አወጡ፤ ዋናው ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ 37 ቃላት ብቻ ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ በሚቀበል የትምህርት ሥራ ማንም ሰው በፆታው ምክንያት እንዳይገለል ይላል። ስፖርት የሚል ቃል የለበትም። ግን ኮሌጆቹ ለወንዶች የሚያወጡትንና ለሴቶች የሚያወጡትን ጎን ለጎን አስቀምጠው እንዲያዩ አስገደዳቸው። ያ ስታዲየም እስኪሞላ 51 ዓመት ፈጀ። አንተ ስልክህ ላይ ያየኸው የመጨረሻውን ገጽ ነው፤ እኔ የመጀመሪያውን ገጽ በእጄ ይዤ አላነበብኩትም።

የእናንተ ዘመን ልጆች አንድ ነገር ይከፋኛል። ስለ ኔብራስካ የምታውቁትን ያህል ከመማሪያ ክፍላችሁ ጀርባ ስላለው ሜዳ አታውቁም። እኛ ቢያንስ አስፋልቱ ዳር ቆመን፣ ፀሐይ እያነደደን ነበር የምንሳደበው። እናንተ ተቀምጣችሁ፣ ባትሪ እየሞላችሁ ትሳደባላችሁ። ይህን ስል ግን የ2024ቱን ፍጻሜ ማታ አምሽቼ ከልጄ ጋር በስልክ ያየሁ እኔ ነኝ፤ ብርድ ልብስ ተከናንቤ «ቀይሯት!» ብዬ ስጮህ ሚስቴ ተቆጥታኛለች።

ደግሞ ሁለቱ ጨዋታዎች ጠላት አይደሉም። የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም የወጡት ከወወክማ፣ ከወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ነው። ጄምስ ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1891 ማሳቹሴትስ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ በሚገኘው ማሠልጠኛ የኮክ ቅርጫት ሰቅሎ ቅርጫት ኳስን ጀመረ፤ ዊልያም ሞርጋን ከዚያ ብዙም በማይርቀው ሆልዮክ በ1895 መረብ ኳስን ፈጠረና ሚንቶኔት አለው። የመጀመሪያዎቹ ቅርጫቶች ቂጣቸው ስላልተቀደደ ኳስ በገባ ቁጥር መሰላል ይዞ የሚወጣ ሰው ያስፈልግ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ነፍሱን ይማርና፣ አራት ኪሎ ወወክማ ኳስ ሲያነጥር እኔ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ አይ ነበር፤ ይህን የመሰላል ወሬ ሲሰማ «መሰላል የሚይዘው ሰውስ ስሙ ማን ነበር?» አለኝ። አላውቅም አልኩት።

ደብተር አትያዙ ልላችሁ ነበር፤ ተውኩት። ያዙ። ቁጠሩ። ቁጥር የማይወድ ደጋፊ ሲያሸንፍ ጯሂ፣ ሲሸነፍ ተሳዳቢ ብቻ ነው። ግን አንድ ገጽ ለንብረት ክፍሉ አውጡ፤ ለእነዚያ ልጆች ዘንድሮ በሞዴል 22 ምን ወጪ ሆነ፣ ስንት ልጅ ነው ሁለቱንም የሚጫወተው፣ ከመረብ ኳሱ እስከ ቅርጫት ኳሱ ስንት ሰዓት አርፈው ነበር? ከቻላችሁ ልምምድ ላይ ሂዱ እንጂ ጨዋታ ላይ ብቻ አትምጡ። ሌላ የምለው የለኝም፤ ቢኖረኝም አልሰማችሁኝም ነበር። እኔም በእናንተ ዕድሜ አልሰማሁም።

ጥግ ላይ ተቀምጠሽ ለነበርሽው ልጅ፤ ጥያቄሽን ሳልመልስ በመውጣቴ ይቅርታ። ከተጫዋቾቹ አንዷን አንድ ጊዜ አናግሬያለሁ። 1987 ዓ.ም. ለገሃር አንበሳ አውቶቡስ ለመያዝ ተሰልፌ ከፊቴ የቆመች ሴት ዞር ብላ «ሒሳብ ያዡ!» አለችኝ። ሕፃን አዝላለች። ፊቷ ሞላ ብሏል፤ ሻሹ ግን ያው ነው። ደነገጥኩ፣ ሰላምታ ስሰጣት አፌ ተሳሰረ። «ታዛቢ» ማን እንደነበረ ታውቅ አታውቅ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት። «አሁንም ጫማ ትገዛለህ?» ብላ ሳቀች።

«ኦዲተር ነኝ» አልኳት።

«ጎሽ፣ ደህና አድርገህ ቁጠር» አለች። ልጁ አለቀሰ፣ ጀርባዋን እያወዛወዘች አባበለችው። ልናገር ስል አውቶቡሱ መጣ፣ ሰው ተጋፋ፣ በፊተኛው በር ወጣች። ደረጃው ላይ ስትወጣ እግሯን አየሁ። ክፍት ነጠላ ጫማ አድርጋለች፤ ተረከዟ ከጫማው ጠርዝ ጋር ልክክ ብሏል።