ከሱቅ የተረፈ ምግብ ለልጆቼ ልስጥ ወይ ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ፓንትሪ የሚሰጡት ምግብ ሱቅ ሊጥለው የነበረ ነው ይላሉ፤ ልጆቼ ይታመሙብኝ ይሆን? ደግሞ እኔ ሥራ አለኝ፣ የባሰበትን ሰው ድርሻ መውሰድ አይሆንብኝም?» ነው ያልሽው። ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ፣ አንድ ፓንትሪ፣ ማለትም ለየቤተሰቡ ምግብ በነጻ የሚታደልበት ቦታ፣ ለስድስት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ አገልግያለሁ። በዓይኔ ያየሁትን ልንገርሽ።

«የተረፈ» ሲባል ከሰው ማዕድ የተነሳ እንዳይመስልሽ። ከደርዘን እንቁላል አንዱ ከተሰበረ ሱቁ ካርቶኑን እንዳለ ያነሳዋል። ጠማማ ካሮት ገዢ አያነሳውም። የትናንት ዳቦ ለዛሬው ቦታ ይለቃል። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት እንደሚገምተው ከአገሪቱ ምግብ ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ሳይበላ ይቀራል። ከዚህ ውስጥ ደህናውን ለመሰብሰብ ነው ፉድ ባንክ የተቋቋመው።

ፉድ ባንክ ማለት ትልቁ መጋዘን ነው። እዚህ እኛ ጋ ካፒታል ኤሪያ ፉድ ባንክ አለ። ከ1980 ጀምሮ ዋሽንግተን ዲሲን፣ በዙሪያዋ ያሉትን የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞችን ይመግባል። ከሱቅ፣ ከአከፋፋይና ከገበሬ ይሰበስባል፤ ከፌዴራል መንግሥት የሚመጣ ምግብ ይቀበላል፤ የጎደለውን ደግሞ ይገዛል። እኛ ፓንትሪዎች ከእሱ ወስደን ለየቤተሰቡ እናድላለን። አንዳንድ ቀን ሾፌራችን ራሱ ከሱቅ ጭኖ ይመጣል።

ድሮ ብዙ ሱቅ «ሰው ቢታመም እከሰሳለሁ» ብሎ ይጥል ነበር። በ1996 የወጣው የፌዴራል ሕግ በቅን ልቦና ምግብ የሚለግሰውን ከዚህ ፍርሃት ገላገለው። ለእኔ ከዚህ ሕግ የበለጠ ለተራበ ሰው የጠቀመ ወረቀት ጥቂት ነው።

ቀኑን በተመለከተ፣ «ቤስት ባይ» የሚለው ጣዕሙ እስከ መቼ እንደሚጠበቅ ነው የሚናገረው። «ሴል ባይ» ደግሞ ለባለሱቁ የተጻፈ ነው። የፌዴራል ሕግ ቀን እንዲጻፍበት የሚያስገድደው የሕፃናት ፎርሙላን፣ ማለትም በጡት ወተት ፈንታ ለሕፃን የሚሰጠውን ወተት፣ ብቻ ነው። ቀኑ ያለፈበት ፎርሙላ ማንም ቢሰጥሽ አትቀበዪ። ሥጋውን ሱቁ ቀኑ ሳያልፍ ፍሪዘር ይከተዋል፤ ለእኛ የሚደርሰው እንደ ድንጋይ ደርቆ ነው። ስታቀልጪው ፍሪጅ ውስጥ ይሁን፣ ጠረጴዛ ላይ አታሳድሪው። ያበጠ ጣሳ ወይም መጋጠሚያው ላይ የተጨረመተ ካየሽ ተዪው።

እኔን ከቀኑ ይልቅ የሚያስፈራኝ ሙቀት ነው። ቀዝቃዛ ምግብ ከ41 ፋራናይት በላይ መቆየት የለበትም። አንድ የበጋ ቅዳሜ ከአንድ ሱቅ የመጣልንን ወተት ስንለካው 50 አልፏል። መኪናው መንገድ ላይ ብዙ ቆይቶ ኖሮ ነው። ሕፃን ያዘለች እናት ሰልፍ ላይ ቆማ እያየችን ጋሎን በጋሎን ደፋነው። ያን ቀን እንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም። ግን ለልጇ የበሰበሰ ከመስጠት መድፋቱ ይሻላል። እናም ልጆችሽን ስለማብላት ካሰብሽ፣ የምንሰጥሽ እኛ የራሳችንን ልጆች የምናበላውን ነው።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ይበልጥ ነካኝ። የሰው ፊት እሳት ነው፣ አውቃለሁ። የእኛ ሰው ሁለት ሥራ እየሠራ፣ ኪራይ ከፍሎ፣ አገር ቤት ልኮ፣ በወሩ መጨረሻ ፍሪጁ ባዶ ሲሆንበት እንኳ ይሉኝታው አላስወጣ ይለዋል። መኪናቸው ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተቀምጠው ሳይወርዱ የተመለሱ አይቻለሁ። ስንቱን ሮጬ መስኮቱን አንኳኩቼ አስገብቻለሁ! እህቴ፣ ሰላጣውና እንጆሪው ቅዳሜ ካልተወሰደ እስከ ሰኞ አይቆይም። አንቺ ብትተዪው ለሌላው አይተርፍም፤ የሚበሰብስበት ጊዜ አለ። ሥራ ያለውም ሰው ይራባል፤ ከሚመጡልን ብዙዎቹ ሠራተኞች ናቸው።

እኛ ጋ የምንጠይቀው ስም፣ የቤተሰብ ብዛትና ዚፕ ኮድ ነው። ሌላ ቦታ ትንሽ ሊለይ ስለሚችል ቀድመሽ ደውዪ። 211 ብትደውዪ ቅርብሽ ያለውን ይነግሩሻል። ጠዋት በጊዜ ድረሺ፤ አትክልቱ ቶሎ ያልቃል። ጾም ላይ ከሆንሽ ሥጋና ወተቱን ይቅርብኝ በያቸው፣ ምስርና ሽምብራ ካለ ይቀይሩልሻል። ጠንካራ ዘንቢል ያዢ፤ ድንቹና ጣሳው ፌስታል ይቀድዳል።