በሰኔ የተወለደች የነሐሴ ልጅ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ። መልሱን የሚሰጡት ባሕር ዳር ውስጥ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ለረጅም ዓመታት አገልግለው በጡረታ የተገለሉ ነርስ ናቸው።

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። የምኖረው ዘጌ ነው። ምጤ ሌሊት ድንገት መጣና ባለቤቴ ጎረቤት ቀስቅሶ በሞተር ጀልባ ወደ ባሕር ዳር አሻገሩኝ። ልጄ ሰኔ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለዳ ተወለደች፤ 1 ኪሎ ከ400 ግራም ነበረች። የመጨረሻ የወር አበባዬ ኅዳር 1 ስለነበር ነሐሴ 11 ትወልጃለሽ ተብዬ ነበር። አምስት ሳምንት ሆስፒታል ተኛን። እዚያም ከወጣን በኋላም እኔና አማቴ ተራ በተራ ደረታችን ላይ አስረን አቆየናት፤ ‹ካንጋሮ› የሚሉትን ማለቴ ነው። አሁን 16 ወሯ ነው። ዕቃ ተደግፋ ትራመዳለች እንጂ ለብቻዋ አትሄድም። ከአፏ የሚወጣው ‹እማ› ብቻ ነው። በዚያው ሳምንት የተወለደው የጎረቤቴ ልጅ ግን ዶሮ ያባርራል፤ ‹ውኃ›፣ ‹ዳቦ›፣ ‹ና› ይላል። አማቴ ‹ከሆድ ስትወጣ እንዲያ ቸኩላ አሁን ምን አዘገያት?› ይላሉ። ቀልዳቸውን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ያመኛል። የታዘዘላትን የብረት ጠብታም ሰገራዋ ሲጠቁር ፈርተን በሁለተኛው ወር ተውነው። አእምሮዋ ተነክቶ ይሆን? እውነቱን ይንገሩኝ።»

መልስ፦

ልጄ፣ እውነቱን ካልሽ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪ። እኛ በራሳችን አቆጣጠር የመውለጃ ቀን ስናወጣ በመጨረሻው የወር አበባ ላይ ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን እንጨምራለን። ጳጉሜን በመሐል ካለች ዐሥሩ አምስት ይሆናል፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ደግሞ አራት። ኅዳር 1 ላይ ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን ብትጨምሪ ነሐሴ 11 ላይ ትደርሻለሽ፤ የነገሩሽ ልክ ነው። ከሰኔ 8 እስከ ነሐሴ 11 ደግሞ 63 ቀን ነው፤ 9 ሳምንት። ስለዚህ ልጅሽ 40 ሳምንት መቆየት ሲገባት በ31 ሳምንቷ ወጣች ማለት ነው። 37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ሁሉ ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ይባላል።

አሁን ያንን 9 ሳምንት ከ16 ወሯ ላይ ቀንሺው። 14 ወር ነው የሚመጣልሽ። ይህንን የተስተካከለ ዕድሜ እንለዋለን፤ እስከ 2 ዓመቷ ዕድገቷ የሚመዘነው በእሱ ነው። የጎረቤትሽ ልጅና ያንቺዋ በአንድ ሳምንት ተወለዱ እንጂ በአንድ ሳምንት አልተጸነሱም። በ14 ወሯ ዕቃ ይዛ የምትራመድ ልጅ ደግሞ ወደ ኋላ አልቀረችም። የዓለም ጤና ድርጅት በተለያዩ አገሮች ጤናማ ሕፃናትን ተከታትሎ ባወጣው መለኪያ፣ ለብቻ መሄድ ከ8 ወር አንሥቶ እስከ 17 ወር ተኩል ገደማ ባለው ጊዜ ይመጣል። «እማ»ንም አትናቂባት። አንቺን ለመጥራት ካለችው ቃል ነው።

ሁለት አቆጣጠር ለእኛ ሊከብደን አይገባም፤ ፈረንጅ 2025 ሲል እኛ 2018 እያልን የምንኖር ሰዎች ነን። ልጅሽን በ80 ቀኗ ክርስትና አንሥተሻት ከሆነ ነሐሴ 27 ነው የሚውለው። ለቤተ ክርስቲያን 80 ቀን ሞልቷታል፤ በሌላው አቆጣጠር ግን መወለጃዋ ካለፈ ገና 16 ቀኗ ነው። ክትባት ላይ ግን እንዳትሳሳቺ። ክትባት በተወለደችበት ቀን ነው የሚቆጠረው። «ትንሽ ናት፣ ይቆይላት» እያሉ የሚያዘገዩ አሉ፤ ትንሿ ናት ይልቅ ቶሎ የሚያስፈልጋት።

ይህ ሂሳብ ለእኔም ዘግይቶ ነው የገባኝ። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ካርድ ገልጬ «7 ወር ሞልቶት እንዴት አይቀመጥም?» ብዬ የጮኽኩባት እናት ነበረች። ልጁ ሁለት ወር ቀድሞ የመጣ ነው፤ የ5 ወር ሕፃን ነበር ማለት ነው። እናትየዋ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን እየጠረገች ወጣች። ተመልሳ አልመጣችም።

ወደ አእምሮዋ እንምጣ። የሕፃን አንጎል በ24ኛው ሳምንት አካባቢ ገና ልሙጥ ነው ማለት ይቻላል። እንደ ጥቅል ጎመን እጥፍጥፍ የሚለው በመጨረሻዎቹ ወራት ነው። በ34ኛው ሳምንት እንኳ ክብደቱ ቀኑ ሲሞላ ከሚኖረው ሁለት ሦስተኛው ያህል ነው። ቀድሞ የወጣ ልጅ ታዲያ ይህንን ሥራ የሚሠራው በጨለማና በሙቀት ውስጥ ሆኖ ሳይሆን በመብራት፣ በመርፌና በድምፅ መሐል ነው። አንዳንዱ በዚያ ላይ ሌላ ጉዳት ያገኘዋል፤ በአንጎል መሐል ያሉት ስስ የደም ሥሮች ይደማሉ፣ ወይም አየር በማነስና በኢንፌክሽን ምክንያት የነርቭ መስመሮቹ ይጎዳሉ። በእርግብግቢት በኩል አልትራሳውንድ የሚነሣው ይህንን ለማየት ነው። የመውጫ ወረቀትሽ ላይ ስለ ጭንቅላቷ የተጻፈ ነገር ካለ ለምታይሽ ሐኪም አሳዪ፤ ከእኔ መልስ ይልቅ ያ ወረቀት ብዙ ይናገራል።

አንቺ የታንኳ አገር ሰው ስለሆንሽ እንዲህ ልበልሽ፦ ልጅሽ ደንገሉ ታስሮ ሳያልቅ ውኃ ላይ የወረደ ታንኳ ናት። ልዩነቱ፣ የልጅ አንጎል እየቀዘፈም መታሰሩን አያቆምም።

እውነቱን ንገሩኝ ስላልሽ ቁጥሩንም አልደብቅሽም። ከ32 ሳምንት በፊት የተወለዱ ልጆች ትምህርት ቤት ደርሰው የአእምሮ ችሎታ ሲለካ፣ አማካይ ውጤታቸው ቀናቸውን ጨርሰው ከተወለዱት ከ11 እስከ 13 ነጥብ ያህል ዝቅ ይላል፤ የመለኪያው መካከለኛ 100 ነው። በጣም ቀድመው የመጡት የበለጠ ዝቅ ይላሉ፣ እንደ ያንቺዋ ወደ 32 የተጠጉት ደግሞ ያነሰ። ይህ ግን የብዙ ልጆች አማካይ እንጂ የልጅሽ ዕጣ አይደለም። አብዛኞቹ በጤናማው ክልል ውስጥ ናቸው። ችግር ሲኖርም ሁልጊዜ በመራመድና በመናገር አይገለጥም። በትኩረት፣ የሰሙትን ይዞ በመቆየት፣ በሂሳብ፣ ነገሮችን በቅደም ተከተል በመሥራት ላይ ሊመጣ ይችላል፤ ያውም ትምህርት ቤት ሲገቡ። ለዚህ ነው «ተራመደች፣ ተገላገልን» ብለሽ ካርዷን እንድትጥይ የማልፈልገው።

ጠብታው ላይ ግን እቆጣሻለሁ። ልጅ የብረት ስንቁን ከእናቱ የሚወስደው በአብዛኛው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። ያንቺዋ ስንቋን ሳትጭን ነው የተነሣችው። ብረት ለደም ብቻ ሳይሆን ለሚያድግ አንጎልም ያስፈልጋል፤ የሰገራው መጥቆር ደግሞ የጠብታው ቀለም ነው፣ አይጎዳትም። አሁን በራስሽ ገዝተሽ አትጀምሪላት፤ ሲበዛም ይመርዛል። ወስደሽ ደሟን አስለኪላትና የሚያስፈልጋትን መጠን ያዙላት። በዚያው ጉዞ ዓይኗንና ጆሮዋን አስመርምሪ። ቀድመው የተወለዱ፣ በተለይ ኦክስጅን የተሰጣቸው ልጆች የዓይን መጋረጃቸው ሊጎዳ ይችላል፤ ከፍ ሲሉም መንሸዋረርና ሩቅ አለማየት ይበዛባቸዋል። የማይሰማ ልጅ ደግሞ አይናገርም፤ ስንቱ «ዘገምተኛ» የተባለ ልጅ ጆሮው ነበር። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ጥበበ ግዮን ሆስፒታልም የሕፃናት ሐኪም አለ፤ ለገበያ በምትሻገሪበት ቀን ሂጂ።

የካቲት 11 ቀን 2018 ላይ ምልክት አድርጊ። የተስተካከለ 18 ወር የሚሞላት ያን ቀን ነው። እስከዚያ ለብቻዋ ካልሄደች ትታይ። የሚከተሉትን ካየሽ ግን የካቲትን አትጠብቂ፦ እግሮቿ ከገተሩ ወይም እንደ መቀስ ከተቆላለፉ፣ በአንድ እጇ ብቻ የምትጠቀም ከሆነ፣ ስሟን ጠርተሽ ካልዞረች፣ የምትፈልገውን በጣቷ ማሳየት ካልጀመረች፣ የቻለችውን ነገር ከተወች።

ቤት ውስጥስ? አውሪያት። ቡና ስትለቅሚ አጠገብሽ አስቀምጠሽ የምትሠሪውን ንገሪያት፦ «ይኼ ጥቁሩ ነው፣ ይኼ የተበላው ነው።» ጥሬውን ብቻ አፏ እንዳታስገባ ጠብቂ፤ ያንቃታል። እሷ «ባ» ስትል አንቺም «ባ» በያትና ጠብቂያት፤ መጠበቁ ነው ብዙ ሰው የሚያቅተው። እሹሩሩውንም፣ ማታ ማታ የአማትሽን ተረትም ትስማ። ስልክ ከፍቶ መስጠት ግን ማውራት አይደለም። ቀድመው በተወለዱ ልጆች ላይ፣ የቤቱ ጨዋታና የእናት አነጋገር በአእምሮ ዕድገታቸው ላይ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ደጋግሞ ታይቷል።

አማትሽን በተመለከተ፦ ቀልዳቸውን ተያቸው፣ ደረታቸውን አስቢ። እኛ ሥራ ስንጀምር እናትን ከመስታወቱ ውጭ አቁመን «አትንኪው» እንል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ቦጎታ ኤድጋር ሬይ የተባለ ሐኪም ማሞቂያ ሣጥን ቢያጥረው ሕፃናቱን በእናቶቻቸው ደረት ላይ አሰራቸው። በዚያች አገር በዚህ መንገድ ያደጉ ልጆች ከ20 ዓመት በኋላ ተፈልገው ሲታዩ፣ በሣጥን ካደጉት ይልቅ ከትምህርት ቤት የሚቀሩት ያነሰ፣ መቁነጥነጣቸውም የቀለለ ሆኖ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ይህንኑ ከተወለዱ ሰዓት ጀምሮ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲደረግ መክሯል። አማትሽ ይህንን ያደረጉት ማንም ጥናት ሳያነብላቸው ነው። ይህንን ጽሑፍ አንብቢላቸው፤ ካነበብሽላቸው በኋላ ነሐሴ 11ን ንገሪያቸው።

ጥያቄ፦

«ሲስተር፣ እኔ ባሕር ዳር ባጃጅ ነጂ ነኝ። ልጄ ነሐሴ 20 ቀን 2010 ዓ.ም. በ34 ሳምንቱ ተወለደ። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብቷል። ፊደል ለይቷል፤ ሂሳብ ግን እሺ አላለውም። ‹ቦርሳህን አስቀምጥ፣ ጫማህን አውልቅ፣ ታጠብ› ስለው አንዱን ሠርቶ ይቆማል። መምህሩ ‹አያዳምጥም› ብለው ከኋላ አስቀምጠውታል። ቀድሞ በመወለዱ ነው ወይስ ስንፍና?»

መልስ፦

ስንፍና አይደለም ወንድሜ። ቀድሞ በመወለዱ ሊሆን ይችላል፤ አይደለም ማለትም ይቻላል። በ34 ሳምንት በተወለዱ ልጆች ላይ የሚታየው ልዩነት በአማካይ ትንሽ ነው፣ ብዙዎቹም ምንም አይታይባቸውም። የሚታይባቸው ግን አንተ የጻፍከው ዓይነት ነው፦ ሦስት ትእዛዝ ሲሰጣቸው ሁለቱ ይጠፋባቸዋል። እንቢ ማለታቸው አይደለም፣ አልያዙትም።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። በቀኑ ቢወለድ ኖሮ መስከረም 27 ቀን 2011 ነበር የሚወለደው። ያን ጊዜ ዘንድሮ ሲመዘገብ 7 ዓመት ስለማይሞላው ወደ ከርሞ ይተላለፍ ነበር። 6 ሳምንት ቀድሞ መወለዱ አንድ ዓመት ቀድሞ ክፍል አስገባው። ከክፍሉ ትንሾች አንዱ ነው፤ አንተ ግን ከትልልቆቹ ጋር እያወዳደርከው ነው። ይህንን ለመምህሩ በእርጋታ ንገራቸውና ከፊት እንዲያስቀምጡት ለምናቸው፤ ለእንዲህ ያለ ልጅ የኋላ ወንበር መድኃኒት አይሆንም። ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምረው። ትእዛዝ አንድ በአንድ ስጠው፣ ሁለተኛውን የመጀመሪያው ሲያልቅ። ለሂሳቡ ደግሞ ማታ ባጃጅህን ካቆምክ በኋላ ገበጣ ተጫወት፤ ጠጠር እየቆጠረ ሲያድል መደመርና መቀነሱ በእጁ ይገባዋል። መጀመሪያ ላይ አሸንፎህ ይደር። እስከ ዓመቱ አጋማሽ ካልተሻሻለ ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦

«የልጅ ልጄ በ8 ወሩ ተወለደ። የ7 ወር ልጅ ይኖራል፣ የ8 ወር አይበረክትም ሲባል ስለሰማሁ ልብስ እንኳ ልገዛለት ፈራሁ። እውነት ነው?»

መልስ፦

እማማ፣ እውነት አይደለም። የጥንት ግሪኮችም ይህንኑ ይሉ ነበር፤ ብቻችንን አይደለንም የተሳሳትነው። ሳንባውም አንጎሉም በእያንዳንዱ ሳምንት ይበስላል፤ ስለዚህ የ8 ወሩ ከ7 ወሩ ይበረታል። ልብሱን ይግዙለት። ከልብሱ በፊት ግን ኮፍያ፤ የጨቅላ ጭንቅላት ለሰውነቱ ትልቅ ስለሆነ ብዙ ሙቀት የሚወጣው በዚያ ነው፣ የጣና ዳር ማለዳ ደግሞ ይበርዳል።