ከገጠር ሸሽተን መጥተን ደግሞ ገጠር? ስለ እንግሊዝ ገጠር ሽርሽር ጥያቄና መልስ

ሼፊልድ መኖር ከጀመርኩ 16 ዓመት ሆኖኛል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት ከከተማው ዳር ያለውን ተራራ በመስኮት ብቻ ነበር የማየው። አሁን ቅዳሜ ጠዋት ልጆቼ ቦት ጫማቸውን በር ላይ ደርድረው ይጠብቁኛል። ወዳጆቼ "የት ነው የምትጠፉት?" እያሉ ሲያስቸግሩኝ፣ በቃ ጥያቄ ያለው ያምጣ አልኩ። የመጣው ከጠበቅሁት በላይ ነው። ያቅሜን ልሞክር።

ጥያቄ (የሦስት ልጆች አባት፣ ለንደን)፦ ከገጠር ለመውጣት ስንት ለፍተን፣ እዚህ ደግሞ ጭቃ ልንረግጥ እንሂድ? ምኑ ነው የሚያዝናናው?

ጋሼ፣ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ "እሁድ በእግር እንሂድ" አለኝ። "ወዴት?" አልኩት። "የትም፤ ዞረን እንመለሳለን።" አገር ቤት ሰው በእግሩ የሚሄደው ለገበያ፣ ለለቅሶ ወይም ለንግሥ ነው። ዞሮ ለመመለስ ብቻ የሚሄድ ሰው ጤንነቱ ያጠራጥራል።

ይሉኝታ ይዞኝ ሄድኩ። ገና ግማሽ ሰዓት ሳንጓዝ እጄን ሳማ ለበለበኝ። ያው የኛው ሳማ! ባልደረባዬ ጎንበስ ብሎ ከዚያው ከአጠገቡ ሰፊ ቅጠል በጠሰና "እሸው" አለኝ። አያቴ ስታደርገው ያየሁትን ነው። ቱልት የሚመስል ቅጠል ነው፤ እንግሊዞች ዶክ ይሉታል። መድኃኒት ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ማሻሸቱ ግን ያስረሳል። ከዚያ ቀን በኋላ ይህን አገር የቪዛና የደመወዝ አገር ብቻ አድርጌ ማየት አቃተኝ። እርስዎም አንድ ጊዜ ይሞክሩትና ካልጣመዎት ይውቀሱኝ።

ጥያቄ፦ ናሽናል ፓርክ መግቢያው ስንት ነው? በሩስ የት ነው?

በር የለውም፣ ቲኬትም የለውም። እኛ ፓርክ ሲባል ሰሜን ተራሮችን እናስባለን፤ ተመዝግቦ፣ ከፍሎ፣ ስካውት ይዞ መግባት። እዚህ እንግሊዝ ውስጥ 10 ናሽናል ፓርኮች አሉ፤ በውስጣቸው መንደር አለ፣ ትምህርት ቤት አለ፣ በግ አርቢ አለ። አብዛኛው መሬት የግለሰብና የድርጅት ነው። ሳታውቁት ገብታችሁ ሳታውቁት ልትወጡ ትችላላችሁ። የሚከፈለው ለመኪና ማቆሚያ ነው፤ እሱ ላይ ግን አይምሩም።

ጥያቄ (እናት፣ በርሚንግሃም)፦ የሰው መሬት ረግጠን ፖሊስ ቢጠራብንስ? ልጆቼን ይዤ መዋረድ አልፈልግም።

እህቴ፣ ብዙ ሰው የሚፈራው ይህንን ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

በእንግሊዝና በዌልስ 140 ሺህ ማይል ያህል ሕዝብ የማለፍ መብት ያለው መንገድ አለ። መንገዱ በገበሬው ማሳ መሃል፣ በግቢው ጥግ፣ አንዳንዴም በቤቱ መስኮት ሥር ያልፋል። መሬቱ የእሱ ነው፤ ማለፉ ግን የእርስዎ መብት ነው። የማንንም ፈቃድ አይጠይቁም። ምልክቱ "ፐብሊክ ፉትፓዝ" የሚል ሰሌዳ ወይም አጥር ላይ የተመታ ትንሽ ክብ ነገር ነው። ቢጫ ቀስት ካለው ለእግረኛ ብቻ ነው። ሰማያዊ ከሆነ ፈረስና ብስክሌትም ያልፍበታል። አጥሩ ላይ መሻገሪያ ደረጃ ወይም በር ያገኛሉ። በሩን ተዘግቶ ካገኙት ዝጉት፤ ገበሬ የሚጣላችሁ በሱ ነው።

ይህ መብት ዝም ብሎ አልመጣም። ድሮ ጌቶች ኮረብታውን ለአደን ብቻ ዘግተውት ነበር። በፈረንጆቹ 1932 ኤፕሪል 24 ቀን 400 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ የማንችስተርና የአካባቢው የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ኪንደር ስካውት የሚባለውን ተራራ ሆን ብለው ጥሰው ወጡ። ጠባቂዎች ዱላ ይዘው ጠበቋቸው። አምስት ወጣቶች ታሰሩ። በ1949 የናሽናል ፓርክ ሕግ ወጣ፤ ኪንደር ያለበት ፒክ ዲስትሪክት ደግሞ በ1951 የአገሪቱ የመጀመሪያው ናሽናል ፓርክ ሆነ። በ2000 የወጣው ሌላ ሕግ በካርታ ላይ በተለየው ክፍት ተራራና ሜዳ ከመንገድ ወጥቶ መሄድንም ፈቀደ። እና እርስዎ ልጆችዎን ይዘው ሲያልፉ ሰርጎ ገብ አይደሉም። ሰው ታስሮበት የመጣ መብት ነው።

ካርታ ይግዙ። የኦርድናንስ ሰርቬይ ብርቱካናማ ሽፋን ያለው፣ ኤክስፕሎረር የሚባለው ነው የሚሻለው። አረንጓዴ ነጠብጣብ መስመር ካዩ የሕዝብ መንገድ ነው። ስልክ ላይም አለ፣ ግን ተራራ ላይ ኔትወርክ ድራሹ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ መኪና የለኝም። የት ልሂድ?

የለንደን ሰው ከሆንክ ከዋተርሉ በባቡር ቦክስ ሂል ድረስ ሂድ። ከጣቢያው ትንሽ ሄደህ ሞል የሚባለውን ወንዝ በድንጋይ ላይ እየዘለልክ ትሻገራለህ። ልጆች ለዚያች ድንጋይ ይሞታሉ። ወንዙ ሲሞላ ድንጋዮቹ ይዋጣሉ፤ አጠገቡ ድልድይ አለ።

ለሼፊልድና ለማንችስተር ሰው ደግሞ ባቡሩ ራሱ ገጠሩን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ሃዘርሴጅ፣ ሆፕ ወይም ኢዴል ወርዳችሁ መሄድ ትችላላችሁ። የኔ ምርጫ ማም ቶር ነው፤ 517 ሜትር ነው፣ ስሙም "እናት ተራራ" እንደማለት ነው። ወደ ጫፉ የሚወስደው መንገድ በድንጋይ ተነጥፏል፤ የስድስት ዓመት ልጄ እየተነጫነጨች ወጥታዋለች። ከጫፉ ይልቅ የሚገርመው ግን ታች ያለው የድሮ አስፋልት ነው። ተራራው እየተንሸራተተ መንገዱን ስለበላው በ1979 ለመኪና ተዘጋ። አሁን አስፋልቱ እንደ ተቆረሰ ድፎ ዳቦ ተሰንጥቆ፣ ተንጋዶ፣ የመሃል መስመሩ እስካሁን እየታየ ተኝቷል። አንዱን ንጣፍ ከሌላው ላይ ተደርቦ ስታዩት፣ በየጊዜው ስንት ጊዜ እንደጠገኑት መቁጠር ይቻላል። ወንድ ልጄ እዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆጥሯል።

የባቡር ዋጋ ካስፈራህ የቤተሰብና የወዳጅ ሬይልካርድ አውጣ። ለአዋቂ ሢሶ፣ ለልጅ 60 በመቶ ይቀንሳል። ቢያንስ አንድ ልጅ አብሮ መኖር አለበት። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ በነጻ ነው የሚሄዱት።

ጥያቄ (እትዬ፣ ሊድስ)፦ ቡና ማፍላት እፈልጋለሁ። ከሰል ይዤ ብሄድ ምን ይሉኛል?

እትዬ፣ ሐሳብዎ ልቤን ነክቶታል። ግን እባክዎ አያድርጉት። እዚያ ተራራ ላይ ያለው አፈር ከሥሩ ሲደርቅ ራሱ ይነዳል። በ2018 ጁን ከማንችስተር አጠገብ ሳድልዎርዝ ላይ የተነሳው እሳት ወታደር እስኪጠራ ድረስ አስቸግሯል። በብዙ ቦታ እሳት ማንደድ ያስቀጣል።

እኛ የምናደርገውን ልንገርዎ። ባለቤቴ ቤት ሦስቱንም አፍልታ በፔርሙዝ ትይዛለች። ሲኒዎቹን በፎጣ ጠቅልለን እንወስዳለን። ቄጠማው እንኳን እዚያው በነጻ አለ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ለጾም ቀን ደግሞ በሶ ከያዙ ማንም ሳንድዊች አይፈልግም። እንጀራ ፍርፍር ግን በነፋስ መሃል እንዳይሞክሩ። ሞክረነው በግ ነው የበላው።

ጥያቄ፦ እኔ በልጅነቴ እረኛ ነበርኩ። እነዚህ ሰዎች ላም ሲያዩ ለምን ይሸሻሉ?

ወንድሜ፣ እኔም ስቄባቸው ነበር። ግን አገር ቤት ላሟ ታውቅሃለች፣ በስሟ ትጠራታለህ፣ ዱላህንም ታውቃለች። እዚህ ላሟ አታውቅህም። በተለይ ጥጃ ያላት ከሆነች በመሃላቸው አትለፍ፤ ሰፊ ዙሪያ ወስደህ ሂድ። በየጊዜው ሰው የሚሞትበት ነገር ነው። ውሻ ይዘህ ከተከተሉህ ውሻውን ልቀቀው፤ የሚፈልጉት እሱን ነው፣ ሮጦም ያመልጣል። አትሩጥ።

ጥያቄ (እናት፣ ኮቨንትሪ)፦ ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ከጌም አይነሳም። "ጫካ ይደብራል" ይላል። ምን ላድርግ?

ለእግር ጉዞ ብለሽ አትጥሪው፤ አይመጣም። የሚሠራው ነገር ስጪው።

ካርታውን ለሱ ስጪና ምራን በይው። ቢያሳስት ዝም በይ። የኔ ልጅ አንዴ አሳስቶ ሁለት ማይል አዙሮን፣ ከዚያ ወዲህ ካርታ ከእጁ አይወጣም።

ዓሣ ማጥመድ ሌላው ነው። በእንግሊዝ ከ13 ዓመት ጀምሮ የዘንግ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እስከ 16 ዓመት ድረስ በነጻ ነው፣ ግን መመዝገብ ግዴታ ነው። ከፈቃዱ በተጨማሪ የኩሬው ወይም የወንዙ ባለቤት የሚሸጠው የቀን ቲኬት አለ። ወንዝ ላይ ከማርች 15 እስከ ጁን 15 አብዛኛውን ዓሣ ማጥመድ ክልክል ነው፤ የመራቢያ ጊዜው ነው። አንድ ነገር ግን አስጠንቅቂው፤ እዚህ አጥምደው፣ ፎቶ አንስተው፣ ስመው ይለቁታል። አባቴ በቪዲዮ ሲያይ "ታዲያ ምን ሊያደርግ ውሃ ዳር አደረ?" ብሎኛል። መልስ የለኝም።

ማሽን የሚወድ ከሆነ የእንፋሎት ባቡር ውሰጂው። በየክፍለ አገሩ አለ፤ በአብዛኛው በፈቃደኞች ነው የሚሠራው። ሰሜን ዮርክሻየር ውስጥ ከፒከሪንግ ተነስቶ በተራራው መሃል አልፎ እስከ ዊትቢ ወደብ የሚዘልቅ አለ። ዊትቢ ስትደርሱ ደግሞ ሸርጣን ማጥመድ አለ። መንጠቆ የለውም፤ ክር፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የመረብ ከረጢት፣ ውስጡ መሳቢያ ሥጋ። ፈረንጆቹ ቤከን ነው የሚከቱበት። አሳማ ለመንካት ደስ የማይለው ዓሣ ቸርቻሪ ጋ ሄዶ ጭንቅላትና አጥንት ቢጠይቅ ይሰጡታል፤ ሸርጣኑ የቱንም አይንቅም። ባልዲው ውስጥ የባህር ውሃ አድርጉ፣ አታጣብቧቸው፣ ጥላ ሥር አስቀምጡና ሲበቃ መልሷቸው። ልጆች የሚጮኹት ሲለቀቁ ነው፤ ሁሉም በጎን እየሮጡ ወደ ውሃው ይገባሉ።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ወፍ ቁጠሩ። በጃንዋሪ መጨረሻ ቅዳሜና እሁድ አርኤስፒቢ የሚባለው የወፎች ማኅበር አገሩን ሁሉ ለአንድ ሰዓት ወፍ ያስቆጥራል። ከመስኮት ሆኖም ይቻላል። ተማሪ ውድድር ስለሚወድ ይይዘዋል።

ጥያቄ፦ እንጆሪ መልቀም ይፈቀዳል? እንጉዳይስ?

ብላክቤሪ የሚሉት ያው የጫካው እንጆሪ ዘመድ ነው፤ እሾኹም ጣዕሙም ያስታውቃል። ከኦገስት እስከ ሴፕቴምበር መንገድ ዳር ሞልቶ ይፈሳል። የዱር ከሆነ ለራስህ ቤት መልቀም ስርቆት አይደለም፤ ለመሸጥ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። ከወገብ በታች ያለውን ተወው፤ ውሻ ያልፋል። የድሮ እንግሊዞች ከቅዱስ ሚካኤል በዓላቸው፣ ከሴፕቴምበር 29 በኋላ አትልቀሙ ይላሉ፤ ሰይጣን ይተፋበታል ብለው። ከኛ መስቀል በሁለት ቀን ነው የሚለየው። እኛ ቤት "ደመራው ሳይበራ" ነው የምንለው።

እንጉዳይ አትንኩ። አገር ቤት አውቀዋለሁ ያላችሁትን የሚመስል ገዳይ አለ።

ጥያቄ፦ መዥገር ሰውንም ይይዛል አሉ?

አዎ፣ ላይም የሚባል በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ረጅም ሣር ውስጥ ስትገቡ ሱሪውን ካልሲ ውስጥ ክተቱ። ቤት ስትገቡ ልጆቹን ብብት፣ ጉልበት ሥር፣ ጆሮ ጀርባ እዩአቸው። ከተገኘ በጠባብ ወረንጦ ከቆዳው ጋር አስጠግታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ንቀሉ። በክብሪት ማቃጠል፣ ቅባት መቀባት የሚባለው ቀርቷል። ቀጥሎ ባሉት ሳምንታት፣ እስከ ሦስት ወር ድረስም፣ ቦታው ላይ እየሰፋ የሚሄድ ክብ ምልክት ከወጣ የሰፈራችሁ ሐኪም፣ ጂፒ የሚሉት ጋ ሂዱ። ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ጎልቶ ላይታይ ስለሚችል፣ መዥገር እንደያዘ ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ጥያቄ፦ ለእንግዶች የሚሆን፣ የኛን ታሪክም የሚነካ ቦታ አለ?

ባዝ። ጃንሆይ ከ1936 ጀምሮ በስደት የኖሩበት ፌርፊልድ ሃውስ እዚያ ነው፤ በ1958 ለከተማው ሰጥተውታል። ሁልጊዜ ክፍት ስላልሆነ ቀኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከዚያ የባዝ ስካይላይን የሚባለውን ስድስት ማይል ዙሪያ ሂዱ። ላም የሚግጥበት መስክ ላይ ቆማችሁ ከተማውን ከላይ ታዩታላችሁ።

ጥያቄ (ወጣት፣ ኖቲንግሃም)፦ እውነቱን ንገረን። እዚያ ሁሉም ነጭ ነው። አያፈጡብንም?

አንዳንዱ ያፈጣል። አንድ መንደር ሻይ ቤት ስንገባ ወሬው ሁሉ ቆሞ ነበር። ሻያችንን ጠጥተን፣ ከፍለን ወጣን። አልደግመውም ብዬ አስቤም ነበር።

ግን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ሌላ ነው። ለንደን ባቡር ውስጥ ዓይንህን የሚሸሽ እንግሊዛዊ፣ መንገድ ላይ ስትገናኙ "ሞርኒንግ!" ብሎህ ያልፋል። ውሻው ሲቀርብህ ይቅርታ ይጠይቃል። ልክ እንደ ገጠራችን፣ ሰላምታ ሳይሰጡ ማለፍ ነውር ነው። የኔ ታናሿ ይህን ስለተማረች አሁን ለሁሉም ቀድማ ትጮኻለች። ባለፈው ለበጎቹም ብላቸዋለች፤ አንዱ መልሶላታል።

ጥያቄ፦ ምን ልልበስ?

ዝናብ የማያስገባ ጃኬት። ፀሐይ ቢሆንም። ጂንስ አይሆንም፣ ከራሰ አይደርቅም። በዲሴምበር ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በፈረንጁ 4 ሰዓት፣ ይጨልማል፤ ባትሪ ያዙ። ለመኪናው ደግሞ ትልቅ የገበያ ፌስታል። ልጆቹ እንደመጡ ከነቦት ጫማቸው ሁለቱንም እግር ውስጡ ይከታሉ፣ እንደዚያው ተቀምጠው ቤት ይደርሳሉ።