20 በመቶው የምን 20 በመቶ ነው?

ጥያቄ፦ የበረራ አስተናጋጅ ነኝ። የሠራተኛ ማኅበራችን «20 በመቶ ጭማሪ አግኝተናል፣ በቅርቡ ድምፅ ትሰጣላችሁ» ብሎናል። የደረሰን ግን የአንድ ገጽ መግለጫ ብቻ ነው። ባልደረቦቼ ተደራዳሪዎቹን አያምኗቸውም። ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ጭማሪው በምን ላይ እንደሚሰላ ይጠይቁ። የአስተናጋጅ ገቢ ብዙውን ጊዜ መነሻ ደመወዝ፣ የበረራ ሰዓት ክፍያና አበል ተደምሮ ነው። መነሻ ደመወዝዎ የገቢዎ 40 በመቶ ከሆነና ጭማሪው እሱን ብቻ ከነካ፣ ጠቅላላ ገቢዎ የሚያድገው በ8 በመቶ ነው። የአንድ ጊዜ የፊርማ ክፍያ ደግሞ ደመወዝ ውስጥ ስለማይገባ ቀጣዩ ጭማሪ አይሰላበትም።

ትልቁ ጉዳይ የሰዓት አቆጣጠሩ ነው። በብዙ አየር መንገዶች የሚከፈልበት ሰዓት አውሮፕላኑ ከማቆሚያው ሲንቀሳቀስ ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ያለው ነው። ተሳፋሪ ሲገባና በረራ ሲዘገይ የሚሠራው ሥራ አይታሰብም። በ10 ሰዓት የሥራ ቀን ሁለት የ2 ሰዓት ተኩል በረራዎች ከሠሩ የሚታሰብልዎት 5 ሰዓት ነው። የአሜሪካው ዴልታ እ.ኤ.አ. በ2022 ተሳፋሪ በሚገባበት ጊዜ የሰዓት ክፍያውን ግማሽ መክፈል ጀምሯል። የእናንተም ስምምነት «የመሬት ላይ ሥራ ይከፈላል» የሚል ከሆነ ስንት ደቂቃ፣ በስንት በመቶ የሚለውን በጽሑፍ ያስመልሱ። የወሩ ዝቅተኛ የዋስትና ሰዓትም (ያን ያህል ባይበሩም የሚከፈልዎት ሰዓት) ይታይ፤ ከ75 ወደ 70 ከወረደ በረራ ባነሰበት ወር፣ በተለይ ተጠባባቂ የሆነ ሰው 5 ሰዓት ያጣል።

ባልደረቦችዎ መጠራጠራቸው አያስወቅሳቸውም፤ ድርድሩ በዝግ ተካሂዶ ውጤቱ በአንድ ገጽ ሲመጣ ማንም ይጠራጠራል። የስምምነቱን ሙሉ ጽሑፍ፣ የተለወጠው አንቀጽ ከአሮጌው ጎን ተቀምጦ፣ ድምፅ ከመሰጠቱ በቂ ቀናት ቀደም ብሎ ይጠይቁ። ማኅበሩ የረጅም በረራ፣ የአጭር በረራና የተጠባባቂ የወር ፕሮግራም ወስዶ ክፍያውን በአሮጌውና በአዲሱ ስሌት ያሳያችሁ። የራስዎንም ያለፈ ወር የደመወዝ ዝርዝር በአዲሱ ያስሉት።

«አልቀበልም» ከማለትዎ በፊትም ቀጥሎ የሚመጣውን ይወቁ። እ.ኤ.አ. በ2025 የኤር ካናዳ አስተናጋጆች የስምምነታቸውን የደመወዝ ክፍል በ99.1 በመቶ ድምፅ ውድቅ አድርገዋል። ሆኖም ውድቅ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ሽምግልና፣ ካልተቻለም ወደ ግልግል ዳኝነት እንዲሄድ አስቀድሞ ስምምነት ስለነበረ እንደገና የሥራ ማቆም አድማ መምታት አልቻሉም። በእናንተ ስምምነት እንዲህ ያለ አንቀጽ መኖሩን ተደራዳሪዎቹን በቀጥታ ይጠይቋቸው።